ከታይዋን የመጣችው ፈረስ

ልጄ ውሸታም ስትባል ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የሰደቧት ሰዎች ድሬዳዋ የት እንዳለች አያውቁም፤ እሷም አንዳቸውንም በዓይኗ አይታ አታውቅም። ጠቡ የተነሳው ከመዳፍ በማትበልጥ የፕላስቲክ ፈረስ ኮቴ ነው። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ አልቀየምም። ያን ሰሞን ግን እኔ አልሳቅሁም። ዕቃ ይሰበራል፣ ልብስ ያልቃል፣ ሥራም ይታጣል፤ የሰው ቃል ከተሰበረ ግን የሚጠግነው ባለሙያ የለም እያልኩ ልጆች ያሳደግሁ አባት ነኝ። እንዲህ ሲል የኖረ ሰው ልጁ በውሸት ስትከሰስ ሁለት ነገር ማድረግ አለበት። መጀመሪያ ልጁን ይመረምራል፤ ንጹሕ ሆና ካገኛት ደግሞ ከጎኗ አይነቃነቅም። ቅደም ተከተሉ መገልበጥ የለበትም።

ልጄ ሕፃናት ታስተምራለች። ፈረሶቹን ያገኘችውም ለክፍሏ ልጆች መጫወቻ ልትፈልግ ታይዋን ሄዳ ነው። ታይዋን የምንለው እዚሁ ድሬዳዋ ያለውን ገበያ ነው። ስሙን ማን እንዳወጣለት አላውቅም፤ ዕቃው ከባሕር ማዶ ስለሚመጣ ይሆናል። እዚህ ተወልዶ ያደገ ሰው «ታይዋን ደርሼ ልምጣ» ሲባል አውሮፕላን አይታየውም። የሚታየው ብርድ ልብስ፣ ሽቶ፣ የስልክ ቻርጀርና የቆርቆሮ ወተት ነው። እዚያ ገበያ ውስጥ አንዲት የሶማሌ ሴት ሱቅ አላት። እኛ ቤት ሁላችንም ኤዶ እንላታለን፤ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው። ኤዶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ሰልባጅ ትሸጣለች። ያገለገለ ልብስ በቦንዳ ታስሮ ሲመጣ በየመሐሉ ያልታሰበ ነገር ይወጣል፤ ጎዶሎ ካልሲ፣ የሕፃን ጫማ፣ አሻንጉሊት። ፈረሶቹ የወጡት ከዚያ ነው።

ሆዳቸው ወፈር ያለ፣ ዓይናቸው ትልልቅ፣ ጋማና ጭራቸው በማበጠሪያ የሚበጠር የድሮ ፈረሶች ናቸው። ታፋቸው ላይ ሥዕል አለ፤ አንዷ ላይ አበባ፣ አንዷ ላይ ኮከብ፣ አንዷ ላይ አይስክሬም። ልጄ ለክፍሏ ብላ ገዝታ አንዷንም ለክፍሏ አልሰጠችም። በስልኳ ስትፈልግ እነዚህን ፈረሶች የሚሰበስቡ፣ ስለ እነሱ ቀን ከሌት የሚከራከሩ ትልልቅ ሰዎች በዓለም ዙሪያ እንዳሉ አገኘች፤ ገጻቸውም ላይ ገባች።

መጀመሪያ አልወደድኩትም። ደመወዝ የምትቀበል ሴት ተቀምጣ የአሻንጉሊት ጋማ ስታበጥር ማየት ለአባት ደስ አይልም። ይህንኑ ነገርኳት። ሰማችኝና ማበጠሯን ቀጠለች። ባለቤቴ ደግሞ ነገሩን በቀልድ ነበር የያዘችው። አንድ ቀን ከገበያ ስትመለስ፣ «ለእነዚህ ከብቶች ገለባ ልግዛላቸው ወይስ በልተዋል?» ብላ ጠየቀቻት።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የኮቴው ጽሑፍ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ፈረስ ገልብጣ አጉሊ መነጽሬን ጠየቀችኝና፣ «አባዬ፣ ይቺን አንብብልኝ» አለችኝ። እኔ ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆመ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከካርቶን ላይ ነው። መጋዘን ተቀጥሬ ስሠራ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ፣ ያልገባኝን ቃል ቤት ወስጄ በመዝገበ ቃላት እየፈለግሁ ነው እዚህ የደረስኩት። የቋንቋው ሰዋስው እስከ ዛሬ ያስቸግረኛል፤ በየትኛው አገር ተሠራ የሚለውን ግን በማንኛውም የፋብሪካ ፊደል አነባለሁ። ኮቴው ላይ ጥቃቅን ፊደል ነበር። ጣሊያን ይላል። ሌላዋን አነሳሁ፤ ያችኛዋ ሌላ አገር ትላለች። ሁለቱም ታፋ ላይ ያለው አበባ ግን አንድ ነው።

ልጄ አስረዳችኝ። በዚያን ዘመን አንዲት ፈረስ በብዙ አገር ትሠራ ነበር። ቅርጹ አንድ ነው፤ ቀለሙንና የጋማውን ናይለን ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ ከየአገሩ ያገኛል። ስለዚህ እዚህ ጽጌረዳ መሳይ የሆነችው እዚያ ወደ ሐምራዊ ታደላለች፤ የአንዷ ጋማ ወፍራም ሲሆን የሌላዋ ይሳሳል፤ ሽፋሽፍቷ የሚረዝምም አለች፣ ጭራሹኑ የሌላትም አለች። አገሯ ኮቴዋ ላይ የተጻፈላት አለች፣ ያልተጻፈላትም አለች። ሰብሳቢዎቹ የሚፈልጉት እነዚህን በሌላ አገር የተሠሩትን ነው። እኛ ቤት «መንታ» አልናቸው፤ ፊታቸው አንድ፣ አገራቸው ሁለት።

ይህ ለእኔ ጨዋታ አልሆነም። ሥራ ሆነ። ሥራ ከሆነ ደግሞ ሕግ ያስፈልገዋል አልኩና ለልጄ አንድ ሕግ ሰጠኋት። «ነው» እና «ይመስላል» ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ጽሑፉን በዓይንሽ ካነበብሽ «ነው» በይ። ቀለሙን፣ ዓይኑን፣ ፀጉሩን አይተሽ ከገመትሽ «ይመስላል» በይ። ከዚህ ውጭ ከሆነ «አላውቅም» በይ። ብዙ ሰው «አላውቅም» ማለት ሞት ይመስለዋል፤ መንገድ ጠይቀኸው የማያውቀውን ሠፈር በእጁ የሚያሳይህ ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ «አላውቅም» ማለት አፍሮ ነው። አንተ ግን በፀሐይ የምትንከራተተው በእሱ እፍረት ነው።

የድሬ ፀሐይ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። መስኮት አጠገብ የሰነበተ ፕላስቲክ ቀለሙ ይለወጣል፤ ሐምራዊው ይነጣል፣ ነጩ ቢጫ ይሆናል። የማያውቅ ሰው በፀሐይ የገረጣችውን ተራ ፈረስ ይዞ «አዲስ መንታ አገኘሁ» ይላል። ስለዚህ ጋማውን ገልጠን ሥሩን እናያለን፤ ጭራው የተተከለበትን ቀዳዳ ዙሪያ እናያለን። ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ቀለሙ ከውጭው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ከፋብሪካው እንዲሁ ወጥቷል ማለት ነው። ይህን ያገኘነው ተያይዘን ነው፤ ማንም አላስተማረንም።

እንዲህ እየሠራን ሳለ ነው ልጄ አረንጓዴዋን ከኤዶ ሱቅ ይዛ የመጣችው። መልኳ ገና ያልበሰለ ዘይቱን ልጣጭ ይመስላል፤ ጋማዋ ብርቱካናማ፣ ታፋዋ ላይ የተዘጋ ጃንጥላ አለ። ባለ ጃንጥላዋን ፈረስ በፎቶ እናውቃታለን፤ በሁሉም አገር ሰማያዊ ናት። አረንጓዴ አልተመዘገበችም። ጋማዋን ገለጥን፤ ሥሩም አረንጓዴ ነው። የጭራዋን ዙሪያ አየን፤ አረንጓዴ ነው። ኮቴዋን ገለበጥን፤ ምንም አልተጻፈበትም።

ልጄ ፎቶዋን ገጹ ላይ አወጣች። ቤታችን ያን ቀን ሠርግ ያለበት መሰለ፤ ስልኩ ጥሪ አላቋረጠም። ከሰብሳቢዎቹ መሐል አንዲት አሮጊት አለች፤ የፈረሶቹን ሁሉ ፎቶ በየአገራቸው ከፋፍላ መጽሐፍ የምታዘጋጅ፣ ሁሉም የሚያከብራት ሴት ናት። እሷ ጻፈች። ፈረሷ ከየት ናት ብላ ጠየቀች። ልጄም ወዲያው መለሰች፤ «ከታይዋን ናት።»

መልሱን ሳትልከው አሳይታኛለች። አንብቤዋለሁ። ፊደሉ ትክክል ነበር፤ ነገሩም እውነት ነበር። «ነው» ለማለት የሚያበቃ እውነት፤ ራሷ ሄዳ የገዛችው። ላኪው አልኳት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለጥቂት ቀናት አልተረዳነውም። አሮጊቷ እጅግ ተደሰተች፤ በመጽሐፏ ለአረንጓዴዋ ቦታ አዘጋጃለሁ አለች። አንድ ሌላ ሰብሳቢ ግን፣ ስለ ኮቴ የሚያውቅ መሆኑን ሁሉም የሚመሰክርለት ሰውዬ፣ የአራቱንም እግር ፎቶ ጠየቀ። ልጄ አንስታ ላከች። ሰውዬው ፎቶውን አጉልቶ ኮቴዋ ላይ የተፋፋቀ መስመር እንዳለ አሳየ። የታይዋን ሥራ ሁልጊዜ ጽሑፍ አለበት፤ ይቺ ግን ጽሑፏ ተፍቋል፣ የፋቀውም ሰው እውነተኛ አገሯን ደብቆ የውሸት ታሪክ ሊፈጥርላት የፈለገ ነው ብሎ ጻፈ። ሌሎችም ተከተሉት። አንዱ ቀለሟም የተቀባ ነው አለ። አሮጊቷ እንደ ሌሎቹ አልተሳደበችም፤ ልጅቷ ማብራሪያ እስክትሰጥ ድረስ ፎቶው ከገጹ ይወርዳል፣ ካልሰጠችም ራሷ ትባረራለች አለች።

ልጄ ምሳዋን ሳትበላ ተነሳች። ባለቤቴ፣ «ተያቸው፣ ፈረንጅ ምን ያመጣብሻል?» አለቻት። እኔ ግን መተው አልፈለግሁም። ልጄን ጠርቼ ፊቴ አስቀመጥኳት።

«ኮቴዋን ፋቅሽው?»

«አልፋቅሁም።»

«ልታጸጂው ብለሽ በሆነ ነገር አላሸሽውም?»

«አባዬ፣ በጨርቅ ነው የጠረግሁት። አንተም ነበርክ።»

ነበርኩ። የተፋፋቀውንም ፈረሷ ስትመጣ አይቼዋለሁ፤ ግን አሮጌ ዕቃ ሲኖር የሚያገኘው ጭረት ነው ብዬ አልፌዋለሁ። ዓይኗን አየሁት። ልጄ ትንሽ ሆና ስትዋሽ ቀኝ ጆሮዋን ትነካ ነበር፤ እጆቿ ጉልበቷ ላይ ናቸው። አመንኳት። አምኛት ብቻ ልተዋት ግን አልቻልኩም፤ የእኔ ማመን ለባሕር ማዶ ሰዎች ምስክር አይሆንም። ነገ ኤዶ ዘንድ እንሄዳለን፣ ፋቂው ማን እንደሆነ ሳናውቅ አንመለስም አልኳት።

በማግስቱ ባጃጅ አስቆምን። ውስጥ ሁለት ሰዎች ተቀምጠው ከሾፌሩ ጋር ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ያወራሉ። ሾፌሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ «ታይዋን ናችሁ?» አለን።

«ታይዋን ነን» አልኩት፤ ገባን።

ከተቀመጥን በኋላ ያ የራሴ መልስ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ታይዋን ነን። እኔ የመጋዘን ሰው ነኝ፤ ሳጥን ላይ የላከው ወደብና የሠራው አገር ሁለት የተለያየ ቦታ ላይ እንደሚጻፍ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ጅቡቲ የሚል ሳጥን ሁሉ ጅቡቲ አልተሠራም። ይህን የሚያውቅ ሰው፣ ልጁ «ከታይዋን ናት» ብላ ስትጽፍ አንብቦ ላኪው አለ። አሮጊቷ ስለ አገሩ ጠየቀች፤ እኛ ስለ ገበያው መለስን። ለእነሱ ታይዋን ፋብሪካ ነው፤ ለእኛ የኤዶ ሱቅ። ይህን ለልጄ በጆሮዋ ነገርኳት። መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

ሾፌሩ በመስታወቱ አይቶን፣ «አቦ፣ ለእኛም ንገሩን» አለ። ልጄ ነገረችው። እሱም ለሁለቱ ተሳፋሪዎች በኦሮምኛ ነገራቸው፤ አንደኛው ነገሩን አጣርቶ ከሰማ በኋላ፣ ታዲያ ሰዎቹ ምን አጠፉ፣ እኛ ነን የሰው አገር ስም የወሰድነው አለ። እውነቱን ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከአፋችን የወጣው ቃል ትክክል ነበር፣ የደረሰው ግን ሌላ አፋፍ ላይ ነው።

ልጄ የዳነች መሰላት። ገበያ መሆኑን ጽፌ እልካለሁ፣ አለቀ አለች። እኔ አላለቀም አልኳት። ስለ ታይዋን አገኘን፤ ስለ ጭረቱ ገና አላገኘንም።

ኤዶ ከቦንዳዋ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ ኤዶ ደግሞ ለባለ ሥልጣንም አንተ ነው የምትለው። ፈረሷን አውጥቼ ኮቴዋን አሳየኋት፤ እንዲህ የፋቃት ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ገና ሳታያት መለሰች።

«እኔ ነኛ። ወላሂ አትቆምም ነበር። እያንዳንዷ ትወድቃለች። ነፋስ ሲመጣ ሁሏም በፊቷ ትደፋለች። እዚህ ሲሚንቶው ላይ አሸት አሸት አደረግኋት፤ ቆመች።»

የሱቋን ደረጃ በእጇ መታችው። ሻካራ ሲሚንቶ ነው።

ልጄ፣ «ይቺኛዋንም? ኤዶ፣ በደንብ አስታውሺ፣ ይቺን አረንጓዴዋን?» አለቻት።

«እኔ ስንት እግር አስታውሳለሁ? የምትወድቀውን አሸሁ። የምትቆመውን ተውኩ። ይቺ ትወድቅ ነበር? አላህ ያውቃል። አንቺ ፈረስ ገዛሽ ወይስ መታወቂያ?»

እግር ሥር ጽሑፍ እንዳለ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀችብኝ። ሰው ልብስ ሊገዛ መጥቶ ፈረስ ገልብጦ አያነብም፤ አንተና ልጅህ ብቻ ናችሁ አለችኝ። ጥፋት አልፈለግሁባትም። ዕቃዋ እንዲቆም የፈለገች ነጋዴ ናት፤ ቆሞላታል።

ቤት ተመልሰን ከእሷ ሱቅ የተገዙትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ አየናቸው። ከመሐላቸው ሁለቱ ኮቴያቸው ተፋፍቆ ጽሑፉ በግማሽ ቀርቷል፤ የጣሊያን የመጨረሻ ፊደላት ይታያሉ፣ የፊተኞቹ በሲሚንቶው ጠፍተዋል። የጭረቱም ዓይነት ያው ነው፤ ብዙ ቀጫጭን መስመር፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ። አረንጓዴዋ ላይ ያለውም እንደዚያው ነው። ማስረጃ አገኘን፤ ልጄ አልፋቀችም። ነገር ግን ያው ማስረጃ ሌላም ነገር ይናገራል። የአረንጓዴዋ ኮቴ ላይ ጽሑፍ ኖሮ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ጽሑፍ ጨርሶ ያልነበረባትም ልትሆን ትችላለች። ሲሚንቶው ሁለቱንም እኩል አድርጓቸዋል።

ማብራሪያውን የጻፈችው ልጄ ናት። አምጥታ ሰጠችኝ፤ ስለ ገበያው ስም የጻፈችው በጣም ጥሩ ነበር። ስለ ሲሚንቶው አንድ ቃል የለም።

«የኤዶ ነገርስ?»

«ምን ይጠቅማል? እንዳልፋቅሁት አንተ ታውቃለህ። ሲሚንቶ ብል አንድ ጊዜ ደግሞ ምክንያት ፈጠረች ይላሉ። ታይዋን ገበያ ነው ካልኩ ይበቃል።»

«ኮቴዋ ከፋብሪካ ባዶ ሆኖ እንደወጣ ያምናሉ።»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«አላልሽም። እንዲያምኑ ግን ተውሻቸው።»

ተከራከረችኝ። እውነቱን ለመናገር ክርክሯ ቀላል አልነበረም። ከሳሽ ለጠየቀው መመለስ ግዴታ ነው፤ ላልጠየቀው ለምን አፌን እከፍታለሁ አለች። ባለቤቴም ከልጇ ጋር ቆመች፤ «ለፍርድ ቤት እንኳ ይህን ያህል አይነገርም» አለችኝ። እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የመለስኩት። የተከሰስሽው በጭረቱ ነው። ጭረቱን የማያነሳ መልስ መልስ አይደለም፤ ማምለጥ ነው። ያመለጠ ሰው ደግሞ ንጹሕም ቢሆን ሁልጊዜ ኋላውን እያየ ይሄዳል። በዚህ ዓይነት የምትድኚ ከሆነ ብትባረሪ ይሻላል አልኳት። ይህን ማለቴ ከበዳት፤ በሩን በኃይል ዘግታ ወጣች። በቤቴ በር በኃይል አይዘጋም። ያን ዕለት ግን አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ ተመልሳ ስልኳን ይዛ ወደ ገበያ እንደምትሄድ ነገረችኝ። የኤዶን ደረጃ ፎቶ አነሳች። ኤዶ ራሷ አንዲት ርካሽ ፈረስ ይዛ ሲሚንቶው ላይ ስታሽ በቪዲዮ ቀረጸቻት፤ ኤዶ ስታሽ በሶማልኛ ትዘፍን ነበር፣ እሱም አብሮ ተቀረጸ። የሁለቱን ግማሽ ጽሑፍ ያላቸውን ፈረሶች ኮቴም አብራ ላከች። የጻፈችውም ይህ ነው፤ ታይዋን የገዛሁበት የድሬዳዋ ገበያ ስም ነው፣ ፋብሪካ ማለቴ አልነበረም፣ ላሳሳተው ቃሌ ይቅርታ፤ ሻጯ ፈረሶቹን በሲሚንቶ ታሻለች፣ ይቺ ጽሑፍ ነበራት ወይስ አልነበራትም አላውቅም።

«አላውቅም» የሚለውን ሳነብ ልጄን ቀና ብዬ አየኋት። ማሞገስ ልማዴ አይደለም።

መልሱ እንደ ጠበቅነው አልመጣም። ያ የኮቴ አዋቂ፣ ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ እውነት ይሁን አይሁን ግን ሲሚንቶው አይናገርም ብሎ ጻፈ። አሮጊቷ ግን ቪዲዮውን ደጋግማ እንዳየችው፣ የኤዶንም ዘፈን እንደወደደችው ጻፈች። ልጄ ከገጹ አትወጣም አለች። ቀጥላም እንዲህ የሚል ሐሳብ አቀረበች፤ ቀለሟ በየትኛውም አገር አልታየም፣ የተሠራችበትም አይታወቅም፣ ስለዚህ በመጽሐፉ ውስጥ የድሬዳዋ መንታ ብለን እንሰይማት።

ይህን ልጄ ስትተረጉምልኝ የተሰማኝን አልደብቅም። የከተማዬ ስም በመጽሐፍ ሊታተም ነው። ጣሊያን ትላለች አንዷ፣ ሌላዋ ሌላ አገር ትላለች፣ ከእነሱ አጠገብ ድሬዳዋ ትላለች የእኛይቱ። ወሬው ሠፈር ደረሰ። የባጃጅ ሾፌሩ እንኳ ሰምቶ በር ላይ ቆሞ፣ «የድሬ ፈረስ! አቦ፣ ለእኛም አሳዩን እንጂ» አለ። ባለቤቴ ለጎረቤት ሁሉ ታሳያታለች። እኔም ባልናገርም ደረቴ ተነፍቶ ነበር።

ልጄ ግን ለአሮጊቷ ገና አልመለሰችም። ማታ እራት ላይ ምን ብለሽ መለስሽላት አልኳት።

«አይሆንም ልላት ነው።»

«ለምን? እሷ ናት ያቀረበችው። አንቺ አልጠየቅሽም።»

«እዚህ አልተሠራችም አባዬ። እዚህ ተገኘች። መጽሐፉ በየአገሩ የተሠሩት መጽሐፍ ነው። ድሬዳዋ ብለው ቢጽፏት ሰው ድሬዳዋ ፋብሪካ ነበረ ይላል። ታይዋን ብዬ የሆነው ዳግመኛ ይሆናል።»

አሮጊቷ አዋቂ ናት፣ የመጽሐፏን ነገር እሷ ታውቃለች፣ ስም እንጂ ሌላ ምንድን ነው ልል አፌን ከፈትኩ። የምናገረው ነገር ልጄ ስለ ሲሚንቶው ከተናገረችው ጋር አንድ መሆኑ ሲገባኝ ዘጋሁት። ሰው የራሱን ሕግ በሌላው ላይ ሲያጸና ጉልበቱ አይደክምም፤ በራሱ ኩራት ላይ ሲደርስ ነው የሚለግመው። ባለቤቴ ሁለታችንንም አይታ፣ «እንግዲህ የወለድከውን ቻለው» አለችኝ።

ልጄ በማግስቱ መለሰች። ድሬዳዋ ውስጥ ተገኘች፣ የተሠራችበት አገር አይታወቅም ተብሎ እንዲጻፍ ጠየቀች። አሮጊቷ ተስማማች፤ ነገር ግን መጽሐፉ በየአገሩ የተከፈለ ስለሆነ አገር የሌላት ፈረስ የምትገባው መጨረሻው ላይ፣ አገራቸው ካልታወቀው ጋር፣ በትንሽ ፎቶ ነው አለች። ልጄ እዚያ ትግባ አለች። ሠፈሩ አዘነ። ሾፌሩ እስከ ዛሬ ሲያየኝ ፈረሳችንን አስነጠቃችሁን ይለኛል። ማስረዳት ትቻለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጄ ከሥራ ስትገባ ስልኳን እያየች ቆመች። ያ የኮቴ አዋቂ ለእሷ ብቻ መልእክት ልኮላታል። ሰላምታ የለውም፣ ይቅርታም የለውም። የአንዲት ፈረስ ኮቴ ፎቶ ነው፤ ተፋፍቋል። ሻጩ አሮጌ ጭረት ነው ብሎኛል፣ አንቺ የሲሚንቶውን ዓይነት ስለምታውቂ ምን ይመስልሻል ይላል።

እኔ መጀመሪያ ስለ ሰደበሽ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ከዚያ በኋላ መልሺ አልኳት። ተገቢ ነው ብዬ አሁንም አምናለሁ። እሷ ግን አጉሊ መነጽሬን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ስልኳ ላይ አጎነበሰች። ፎቶውን አጎላችው፣ ዞር አደረገችው፣ የኤዶን ሁለት ፈረሶች አጠገቡ አስቀምጣ አነጻጸረች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

«ጠየቀ እኮ» አለችኝ ቀና ሳትል። «ውሸታም ነሽ የሚል ሰው አይጠይቅም።»

ከዚያ መጻፍ ጀመረች። ጭረቱ ጥቂትና ጥልቅ ነው፣ አቅጣጫውም አንድ አይደለም፤ የሲሚንቶ አይመስልም፣ የቢላ ይመስላል።

«ነው» ልትል ትችል ነበር፤ ለእኔም የቢላ ነበር የታየኝ። «ይመስላል» የሚለውን ሳትነካ ላከችው።